ካርታው ላይ ስሟ የሌለው ሚስት

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ገዝተው ፍርድ ቤት ከሚመላለሱት ሰዎች ጥቂት የማይባሉት የሚጠነቀቁ ነበሩ። ካርታውን አይተዋል፣ ክፍለ ከተማ ሄደው አጣርተዋል፣ ገንዘቡንም በባንክ ከፍለዋል። ሻጩ ባለትዳር መሆኑን ብቻ አልጠየቁም።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 63 እንደሚለው፣ ንብረቱ በአንዱ ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ሆኖ ይቆጠራል። አንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ ቤት ለመሸጥም ሆነ በዋስትና ለማስያዝ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ለማከራየትም እንደዚሁ ነው፤ ይህችን ብዙ አከራይ አያውቃትም።

ባል ብቻውን ሸጦ ከሆነ፣ ሚስት ሽያጩን ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ ውሉ ይፍረስልኝ ብላ መክሰስ ትችላለች። ዘግይታ ብትሰማ እንኳ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት እስኪሞላ መብቷ አለ። ከክሱ ጋር እግድ ከወጣ ገዢው ስም ማዛወርም መሸጥም አይችልም። ውሉ ሲፈርስ ቤቱ ለተጋቢዎቹ፣ ገንዘቡ ለገዢው ይመለሳል። የሚመለሰው ግን ያኔ የተከፈለው ብር ነው፤ ክርክሩ ዓመታት ከፈጀ በዚያ ብር ያንኑ ቤት ማግኘት ዘበት ነው። ምንም ያላጠፋ ገዢ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ውልና ማስረጃ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ወረቀቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረትም የጋራ ነው። ስለዚህ ቤቱን ለማየት ሲሄዱ ማን እንደሚኖርበት ጎረቤት ይጠይቁ፤ ነውር የለውም።

ባለቤቱ አሜሪካ ወይም ዱባይ ሆኖ ወንድሙ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናውን ቃል በቃል ያንብቡ። «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ለዚህ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። ወካዩ ሲሞትም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው ያበቃል። በሟች ውክልና የተሸጠ ቤት ከወራሾች ጋር ያካስሳል። ከመፈረምዎ በፊት ባለቤቱን በቪዲዮ ደውለው ያነጋግሩ፤ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውንም ጭምር።

ደላላው «ሌላ ገዢ አለ» ብሎ ቢያጣድፍዎትም ቀብድ ለመስጠት አይቸኩሉ። በሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ ሻጭ እጥፉን ይመልሳል፤ ሰጥቶ የቀረ ገዢ ደግሞ ቀብዱን ያጣል። የቤት ሽያጭ ግን በጽሑፍ ካልተደረገ አይጸናም፤ በቃል ተስማምተው ቀብድ ከሰጡ በኋላ ሻጩ ቢክድዎት፣ እጥፉ ቀርቶ የሰጡትን ለማስመለስም ምስክር ፍለጋ ይገባሉ።