ወለል ላይ የሚታተም ጥለት

ለውጭ ገበያ የሚሄድ የቡና ጆንያ ላይ የታተመውን ጽሑፍ ያየ ሰው ስቴንስልን ያውቀዋል። ፊደሉ ተቆርጦ የወጣለት ቆርቆሮ ወይም ካርቶን ጆንያው ላይ ይቀመጣል፣ ቀለም ይቀባበታል፤ ሲነሳ ጽሑፉ ታትሞ ይቀራል። በዚሁ ዘዴ የእንጨት ወለልም ይጌጣል።

ጃፓኖች ጥለት በወረቀት ላይ እየቆረጡ የኪሞኖ ጨርቅ ሲያስጌጡበት ኖረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ፣ ከውጭ የሚመጣ ምንጣፍ ለመግዛት አቅም ያጠራቸው ቤተሰቦች የጣውላ ወለላቸውን በስቴንስል አስጊጠዋል። ጥበቡ አቅሙ ውስን ለሆነ፣ ውበት ግን ለሚወድ ቤት የተመቸ ነው።

ለአሶሳና ለአካባቢዋ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የኢትዮጵያ የቀርከሃ ሀብት ለብዙ ዓመታት 1 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ተብሎ ሲገመት ቆይቷል፤ አብዛኛው ሽመል የሚባለው የቆላ ቀርከሃ ሲሆን፣ አሶሳ ያለችበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና መገኛው ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው። ሽመል ግን ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ በመሆኑ ተሰንጥቆ፣ ተልጎ፣ በኮላ ተጣብቆ ሲታመቅ ጠንካራ የወለል ጣውላ ይወጣዋል። ጥለቱንም ከሩቅ መፈለግ አያሻም። ሽመል ሰንጥቀው ግድግዳና ምንጣፍ የሚሠሩ እጆች ጥልፍልፉን ያውቁታል፤ ስቴንስል ያንኑ ወደ ወለል ያወርደዋል።

ሥራው የሚያምረው ዝግጅቱ ሲያምር ነው። የሽመል ቆዳ ሰም አለውና ቀለም አይዝም፤ ላዩ በመላጊያ መነሳት አለበት። ውስጡ ስታርች ስላለውም እንጨት በል ጥንዚዛ ይወደዋል፤ ስለዚህ ጣውላ ከመሆኑ በፊት በቦራክስ መታከም ይኖርበታል። ተራ ጣውላ ከሆነ አሮጌው ሰምና ቅባት ይነሳል፣ ወለሉ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ አቧራው ተጠርጎ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ከዚያ በሲባጎና በጠመኔ የክፍሉ መሐል ይለካል። ጥለት ከመሐል ወደ ዳር ሲሄድ በትይዩ ግድግዳዎች በኩል እኩል ያልቃል።

ስቴንስሉ ከጠንካራ ፕላስቲክ በስለታም ምላጭ ይቆረጣል። በቀዳዳዎቹ መካከል ሳይቆረጡ የሚቀሩ ቀጫጭን ድልድዮች የቅርጹን መሐል ይይዛሉ፤ እነሱ ከተበጠሱ መሐሉ ተገንጥሎ ይወድቃል። ቀለም ሲቀባ ትልቁ ምስጢር ማሳነስ ነው። ብሩሹ ቀለም ከነካ በኋላ ደረቅ እስኪመስል ጨርቅ ላይ ይጠረጋል፤ ከዚያ እንደ መቀባት ሳይጎተት፣ ቀጥ ብሎ ደጋግሞ ይመታል። የበዛ ቀለም ከስቴንስሉ ሥር ሰርጎ ይገባና ጠርዙን ያበላሻል። አንዱ ቀለም ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም።

መጨረሻ ላይ ቢያንስ ሁለት ዙር ቨርኒሽ ይቀባል። አሶሳ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅና እርጥብ አየር ማድረቁን ስለሚያዘገይ፣ ከኅዳር በኋላ ያለው በጋ ለዚህ ሥራ ይመረጣል።

ሥራው ሲያልቅ ስቴንስሉን አጥቦ፣ ሳይታጠፍ ማስቀመጥ ይገባል። ከዓመታት በኋላ በር አካባቢ ያለው ጥለት በእግር ብዛት ሲደበዝዝ፣ የቤቱ ባለቤት ያንኑ ቦታ ብቻ ፍቆ በዚያው ስቴንስል ያድሰዋል፤ ሙሉ ወለል መለወጥ አያስፈልገውም።