ግመሉን ማሰር፦ አክሲዮን ከመግዛታችን በፊት



ባለፈው ሴሚስተር ከመካከላችን አንድ ወንድማችን ለላፕቶፕ መግዣ ከቤት የተላከለትን 30,000 ብር በስልኩ አክሲዮን የሚያገበያይ አፕሊኬሽን ላይ አስገባ። አፕሊኬሽኑ ተጨማሪ ገንዘብ አበድሮት በጠቅላላው የ300,000 ብር አክሲዮን ያዘ። በመጀመሪያው ሳምንት ሲያተርፍ እኛም «እንዴት ነው የሚከፈተው?» ብለን ጠይቀነዋል። ከዚያ ዋጋው አሥር በመቶ ወረደ። የ300,000 አሥር በመቶ 30,000 ነው፤ የእሱ ገንዘብ በሙሉ ማለት ነው። ዋጋው በኋላ ቢመለስም የእሱ ሒሳብ ተዘግቶ ነበር። ይህን እንድንጽፍ የፈቀደልን ራሱ ነው። «ከገንዘቡ ይልቅ ለእናቴ መንገሩ ከበደኝ» ብሎናል።

ጉዳዩ በሀገራችንም እየቀረበ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 አክሲዮኑን ለሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር። በጥር 2017 የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራውን ጀመረ። ስለዚህ ነገ ብዙዎቻችን እንገባበታለን። ከመግባታችን በፊት አምስት ነገሮችን እንይ።

1. ሐላልነቱ ይቅደም

አክሲዮን መግዛት የድርጅቱ ባለቤቶች አንዱ መሆን ነው። ስለዚህ ድርጅቱ የሚሠራው ሥራ የእኛም ሥራ ነው። ዋና ገቢው ወለድ ወይም አስካሪ መጠጥ የሆነ ድርጅት አክሲዮን አይሆነንም። ሥራው ሐላል ሆኖ ጥቂት ወለድ የተቀላቀለበትን በተመለከተ ዑለማ ተለያይተዋል። መቀመጫው ባሕሬን የሆነውና ለኢስላማዊ ፋይናንስ መመዘኛ የሚያወጣው አዮፊ ገደብ አስቀምጧል፤ የወለድ ብድሩ ከድርጅቱ የገበያ ዋጋ 30 በመቶ፣ በወለድ ያስቀመጠው ገንዘብም እንዲሁ 30 በመቶ፣ ሐራም ገቢው ደግሞ ከጠቅላላ ገቢው 5 በመቶ እንዳይበልጥ። ያቺም ሐራም ድርሻ ተሰልታ ከትርፋችን ትወጣለች። ጭራሽ የማይፈቅዱ ዑለማም አሉ፤ ስለ እያንዳንዱ ድርጅት ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ።

በወለድ ተበድሮ አክሲዮን መግዛት ግን ግልጽ ሪባ ነው። በእጃችን የሌለውን አክሲዮን መሸጥም የራሳችን ያልሆነውን መሸጥ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሰውን በአንድ ቀን ባዶ እጁን የሚያስቀሩም ናቸው።

2. የትኛው ገንዘብ?

ለትምህርት፣ ለምግብ ወይም ለሕክምና የተላከልን ገንዘብ አማና ነው፤ ወደ ገበያ አይገባም። የብድር ገንዘብም እንዲሁ። የነቢዩ ዩሱፍን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን፤ በጥጋቡ ሰባት ዓመት ያልተከማቸ እህል በድርቁ ሰባት ዓመት አይገኝም። በመጀመሪያ የሦስት ወር ወጪያችንን ለብቻ እናስቀምጥ። ለአክሲዮን የሚሆነው ከዚያ የተረፈው፣ ለብዙ ዓመት የማንፈልገውና ቢጠፋም ሕይወታችንን የማያናጋው ነው።

3. ኪሳራና ማካካሻው እኩል አይደሉም

1,000 ብር ይዘን 10 በመቶ ብንከስር 900 ይቀረናል። ወደ 1,000 ለመመለስ ግን 10 በመቶ ማትረፍ አይበቃም፤ 11 በመቶ ገደማ ያስፈልጋል። 20 በመቶ ለከሰረ 25 በመቶ፣ 50 በመቶ ለከሰረ 100 በመቶ፣ 90 በመቶ ለከሰረ ደግሞ 900 በመቶ ትርፍ ያስፈልገዋል። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር መውጫው በጣም ይርቃል። ስለዚህ የነጋዴ የመጀመሪያ ሥራው ኪሳራውን ትንሽ ማድረግ ነው፤ ትርፍ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

4. ስንት ልግዛ?

ምሕንድስና የምንማር እናውቀዋለን፤ ምሰሶ የሚሠራው ለሚጠበቀው ጭነት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በላይ ለሚመጣውም ነው። በገንዘብም ልምድ ያላቸው ነጋዴዎች በአንድ ግዢ ላይ ከጠቅላላ ገንዘባቸው ከ1 ወይም ከ2 በመቶ በላይ ላለማጣት ይጠነቀቃሉ።

በምሳሌ እንየው። ገንዘባችን 20,000 ብር ቢሆን 2 በመቶው 400 ብር ነው። አክሲዮኑን በ300 ብር ገዝተን 270 ከደረሰ እንሸጣለን ብለን ከወሰንን በአንዱ አክሲዮን የምናጣው 30 ብር ነው። 400ን ለ30 ስናካፍል 13 ይሆናል። ስለዚህ የምንገዛው 13 አክሲዮን፣ በ3,900 ብር ነው። መሸጫውን ዋጋ የምንወስነው ከመግዛታችን በፊት፣ ልባችን ሳይደነግጥ ነው።

በዚህ መንገድ አሥር ጊዜ በተከታታይ ብንከስር እንኳ 82 በመቶ ገደማ ይቀረናል። በእያንዳንዱ ግዢ 20 በመቶ የሚያጣ ሰው ግን ከአሥር ኪሳራ በኋላ የሚቀረው 11 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ገበያው አዲስ ሲሆን ገዢና ሻጭ ጥቂት ናቸው። በ270 ልንሸጥ ብንፈልግም በዚያ ዋጋ የሚገዛ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ከስሌቱም ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

5. በተለያዩ በሮች

ነቢዩ ያዕቆብ ልጆቻቸው በአንድ በር ሳይሆን በተለያዩ በሮች እንዲገቡ መከሩ፤ ፍርዱ ግን የአላህ ብቻ መሆኑን አስከትለው ተናገሩ። ገንዘብም ሁሉም በአንድ ድርጅት ላይ አይዋልም። ሆኖም በአንድ ዘርፍ ያሉ ሦስት ድርጅቶችን መግዛት መበተን አይደለም። በአንድ ምሰሶ ላይ የተጫኑ ሦስት ወለሎች ምሰሶው ሲወድቅ አብረው ይወድቃሉ።

«ሪዝቅ በአላህ እጅ ከሆነ ይህ ሁሉ ስሌት ለምን?» የሚል ይኖራል። በመድረሳ የተማርነው መልሱ አጭር ነው፤ ግመሉን መጀመሪያ ማሰር፣ ከዚያ በአላህ መመካት። ሳያስሩ መመካት ተወኩል አይደለም። ሳያውቁ በዕድል መግባት ደግሞ ወደ ቁማር ይቀርባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለውም፣ ገበያው ነገም አለ።

ወንድማችን በመጨረሻ ለእናቱ ነገራቸው። ፕሮጀክቱን አሁን የሚሠራው በላብ ኮምፒውተር ነው፤ ተራ ሲይዝ ቦታ የምንለቅለት እኛ ነን። ከመካከላችን ሌላ ሰው ያንን የስልክ ጥሪ እንዳያደርግ ይህችን ጽሑፍ ለጓደኞቻችሁ አድርሱልን።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለበት ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።