የክበብ ሰዓት ለምን ይታጠፋል? ኪነ ጥበብና ቋንቋ በግል ትምህርት ቤቶቻችን



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ብዙዎቻችን ግቢ ከመግባታችን በፊት የተማርነው በሙስሊም ግለሰቦች ወይም ማኅበራት በተቋቋሙ የግል ትምህርት ቤቶች ነው። እኛ ባንማርባቸውም ታናናሾቻችን አሁን እዚያ ይማራሉ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ሳምንታዊ ፕሮግራም ላይ «ክበብ» ተብሎ የተጻፈ አንድ ክፍለ ጊዜ አለ። ዐረብኛው፣ ነሺዳው፣ የቁም ጽሕፈቱ፣ ሥዕሉ፣ ክርክሩና ሚኒ ሚዲያው ሁሉ በዚያች ሰዓት ይስተናገዳሉ። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ መጀመሪያ የምትታጠፈው እሷ ናት።

ባለፈው ክረምት ከጀመዓችን ጥቂቶቻችን በአንድ የግል ትምህርት ቤት በነጻ ስናስተምር ነገሩን በቅርብ አየነው። ቁርኣን ሁለት ጊዜ ያኸተመች የ6ኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ አቀራሯም ያማረ ነው። ሰሌዳው ላይ «በይት» የሚለውን ቃል በዐረብኛ ጽፈን ትርጉሙን ስንጠይቃት ዝም አለች። ከጎኑ በአማርኛ «ቤት» ብለን ስንጽፍ ግን ሳቀች። ሁለቱንም ቃላት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። ጎን ለጎን አድርጎ ያሳያት ሰው ግን አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ የክበብ ሰዓት ምን እንደሚሠራ፣ ለምን በቀላሉ እንደሚታጠፍና እኛ የግቢ ተማሪዎች ምን ማድረግ እንደምንችል እናያለን።

ከመደበኛው ትምህርት ውጪ የሆነበት ምክንያት

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከቶችና ከባህላዊ ተጽዕኖዎች ነጻ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 ደግሞ የሃይማኖት ተከታዮች የሃይማኖት ትምህርት ተቋማትን ማቋቋም እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ የአገሪቱን ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት መደበኛ ሰዓቱን ለመደበኛው ትምህርት ያውላል። ቁርኣንና ዐረብኛ የሚያስተምርም ከሆነ ከትምህርት ሰዓት በፊት፣ ከትምህርት በኋላ፣ ቅዳሜ ወይም በክበብ ጊዜ ቦታ ይፈልግላቸዋል።

ኪነ ጥበብም ቢሆን በአንደኛ ደረጃ የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ስላለው የራሱ ጊዜ አለው። ልጆቹ ከፍ ባሉ ቁጥር ግን ሥዕሉም ዜማውም ወደ ክበብ ይወርዳል። የክበብ ሥራ ማርክ የለውም። ማርክ የሌለውን ነገር ደግሞ ብዙ ወላጅ አይጠይቅም፤ ወላጅ የማይጠይቀውን ትምህርት ቤቱ አያስቀድምም።

ጫናው ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በየወሩ ክፍያ የሚከፍል ወላጅ ይህን ሰምቶ «ልጄ ነሺዳ እየተለማመደ ነው ወይስ ሒሳብ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ርዕሰ መምህሩም ክበቡን አጥፎ ማጠናከሪያ ትምህርት ያስገባል። የሚጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ግን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

የቋንቋ ክበብ፦ ከማንበብ ወደ መረዳት

ብዙዎቻችን ዐረብኛን አቀላጥፈን እናነባለን፤ ያነበብነውን ግን አንረዳም። መድረሳው ማንበብን አስተማረን፤ አላህ ይክፈላቸው። መረዳትን ለማስተማር ግን ሌላ ዓይነት ሰዓት ያስፈልጋል። በዚህ በኩል የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ዕድለኛ ነው፤ አማርኛና ዐረብኛ ሁለቱም የሴም ቋንቋዎች ናቸውና። በይት ቤት ነው፤ ረእስ ራስ፣ ኢስም ስም፣ ሰማእ ሰማይ፣ መውት ሞት። ደም፣ ዐይንና ነፍስ ደግሞ በሁለቱም ያው ናቸው። ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የገቡትም ብዙ ናቸው፦ ወረቀት፣ ሱቅ፣ ሳሙና። ከእኛ ወደዚያ የሄደም አለ። የሥርወ ቃል አጥኚዎች «ሙስሐፍ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «መጽሐፍ» ጋር የተያያዘና ከሐበሻ ምድር ወደ ዐረብኛ የገባ እንደሆነ ይናገራሉ። አንድ ክበብ በአንድ ወር ውስጥ እንዲህ ዓይነት 50 ቃላት ቢሰበስብ ልጁ ቁርኣኑን ሲቀራ ቃላቱ አንድ በአንድ «አውቅሃለሁ» እያሉ ይቀበሉታል።

ወጥመዶቹም መማሪያ ናቸው። «ክታብ» በዐረብኛ መጽሐፍ ነው፤ በአማርኛ ግን አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ነው። «ቀልብ» በዐረብኛ ልብ ነው፤ ቀ በከ ከተተካ ግን ውሻ ይሆናል። ልጆች በዚህ ይስቃሉ፤ የሳቁበትንም አይረሱም።

ድምፅም ሌላው ጉዳይ ነው። በአማርኛ ሐ እና ዐ ፊደላቸው ቀርቷል፤ ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፃቸው ግን ጠፍቷል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ልጅ ዐይንን ከአሊፍ ለመለየት ይቸገራል። በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ ግን እነዚህ ድምፆች እስከ ዛሬ ሕያው ናቸው። ጅግጅጋ ወይም ሰመራ ያደገ ልጅ ያለ ድካም ያወጣዋል። ጥሩ የቋንቋ ክበብ ልጆቹን እያደባለቀ ጥንድ ጥንድ ያደርጋቸዋል፤ የድምፁ አስተማሪ የክፍል ጓደኛ ይሆናል። በጽሑፍ አማርኛ የሚበረታው ልጅ ደግሞ በተራው ብድሩን ይመልሳል።

የቁም ጽሕፈትና ዐጀም

የዐረብኛ ቁም ጽሕፈት ውድ የሚመስለው ብዙ ነው፤ የሚያስፈልገው ግን መቃ፣ ቀለምና ወረቀት ነው። መቃው ጫፉ ሰያፍ ተደርጎ ይቀረጻል። መቃ ብዕር በአገራችን ለሙስሊሙ ጸሐፊም ለክርስቲያኑም ያገለገለ መሣሪያ ነው። በ940 እ.ኤ.አ. ያረፈው የባግዳዱ ኢብን ሙቅላ የፊደላትን መጠን በሥርዓት በማስያዝ ይታወቃል። በዚህ ሥርዓት ብዕሩ አንድ ጊዜ ተጭኖ የሚተወው ነጥብ መለኪያ ይሆናል፤ የአሊፍ ቁመትም በነጥብ ይቆጠራል። ለንባብ የሚመቸው ነስኽ፣ ለርዕስና ለጌጥ የሚሆነው ሡሉስ፣ ለዕለት ጽሕፈት የሚፈጥነው ሩቅዓ ይባላሉ። ለጀማሪ ልጅ አንዱ ይበቃል። አንድን ፊደል 20 ጊዜ በነጥብ እየለካ የጻፈ ልጅ ጥምርታን በእጁ ተምሯል፤ የሒሳብ መምህሩም ይህን ቢያይ ደስ ይለዋል።

ከዚህ የሚቀጥለው ዐጀም ነው፤ በዐረብኛ ፊደል የራስን ቋንቋ መጻፍ። የወሎ ዑለሞች በአማርኛ የደረሷቸውን መንዙማዎች በዐጀም ጽፈዋል፤ ከእነዚህ መካከል ሼኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር በስፋት ይታወቃሉ። ሐረሪኛም በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የቆዩ ጽሑፎች አሉት። ለክበብ የሚሆን አንድ ልምምድ እነሆ፦ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ስም በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ። ሙሐመድ ወዲያው ይጨርሳል። ጫልቱ ግን ትቆማለች፤ ለ«ጭ» የሚሆን ፊደል በዐረብኛ የለም። ለ«ኝ»ም የለም። ቀደምት ጸሐፊዎች ያሉትን ፊደላት ነጥብ እየጨመሩ ወይም እያላመዱ ችግሩን ፈቱት። ጫልቱም የራሷን መፍትሔ ትፈልግ። በዚያች ቅጽበት ልጅቷ የፊደል ተማሪ ብቻ መሆኗ ቀርቶ ዑለሞቹ የገጠማቸውን ጥያቄ በራሷ እጅ ትይዛለች።

አቅሙ ያለው ትምህርት ቤት ልጆቹን ሐረር ይውሰዳቸው። የጁገል ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ውስጡ የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ደግሞ ከአንድ ግለሰብ ስብስብ ተነሥቶ በርካታ የእጅ ጽሑፎችን የያዘ ነው። የተጠረዘ የእጅ ጽሑፍ በዓይኑ ያየ ልጅ መቃውን ሲይዝ የሚይዘው በሌላ ስሜት ነው።

መንዙማና ነሺዳ

«መንዙማ» የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ነዝም» የመጣ ነው፤ ዶቃ በክር ላይ እንደሚሰካ ቃላትን በሥርዓት መደርደር ማለት ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ይህ አሠራር ለክበብ ይመቻል። ዓይን አፋሩ ልጅ ከተቀባዮች ጋር ይጀምራል፣ ድምፁን ይለምዳል፣ ከወራት በኋላ አውጪ ይሆናል። እዚህ ግቢ ውስጥ ፕረዘንቴሽን ላይ እግራችን የሚንቀጠቀጥ ስንቶቻችን ነን? ያ ልምምድ በ12 ዓመታችን ቢጀመር ኖሮ ዛሬ ሌላ በሆነ ነበር።

በድቤና በሌሎች መሣሪያዎች ላይ በዑለሞች ዘንድ የአመለካከት ልዩነት እንዳለ እናውቃለን፤ ወላጆችም በዚህ ይለያያሉ። ክበቡ ይህን ክርክር ልጆች ላይ መጫን የለበትም። ከመጀመሩ በፊት ትምህርት ቤቱና ወላጆች ይስማሙ፤ ስምምነት ከሌለ በድምፅ ብቻ ይሠራ።

የወላጆች ቀን ወጥመድ

ክበብ ባልታጠፈባቸው ትምህርት ቤቶችም ሌላ ችግር አለ። ዓመቱን ሙሉ የተረሳው ክበብ የወላጆች ቀን ሲደርስ ድንገት ይቀሰቀሳል። ድምፃቸው ያማረ አምስት ልጆች ይመረጣሉ፣ ሁለት ሳምንት ይለማመዳሉ፣ አንድ ዐይነት ልብስ ለብሰው ይዘምራሉ፣ ይጨበጨባል፣ ያበቃል። የቀሩት ልጆች ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። ዝግጅት ማሳየት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሚዛኑ የማይችለው ልጅ ዓመቱ ሲያልቅ ምን ቻለ የሚለው ይሁን።

እኛ ምን እናድርግ?

ትምህርት ቤቶቹ ብዙ ጊዜ ፈቃደኞች ናቸው፤ የሚያጡት ክበቡን የሚይዝ ሰው ነው። መምህሩ በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ ይዞ፣ የፈተና ወረቀት እያረመ፣ በዚያ ላይ ክበብ ምራ ሲባል ይደክመዋል። እኛ ግን ክረምትና የሴሚስተር ዕረፍት አለን፤ በግቢያችን አቅራቢያ ባሉ ትምህርት ቤቶችም ቅዳሜ መሥራት እንችላለን። ለመጀመር እነዚህን እንያዝ፦

አንደኛ፣ የምናስተምረው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ወይ ቃላት፣ ወይ ጽሕፈት፣ ወይ ንግግር። ሁሉን የጀመረ ክበብ በሦስተኛው ሳምንት ይበተናል።

ሁለተኛ፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር በጽሑፍ እንስማማ፦ ስንት ሳምንት፣ የትኛው ቀን፣ የትኛው ክፍል። ዓርብ ከሰዓት ከተሰጠን በትሕትና ሌላ ቀን እንጠይቅ፤ ከጁሙዓ በኋላ ያለው ጊዜ በቀላሉ ይባክናል።

ሦስተኛ፣ ምንጊዜም ሁለት ሆነን እንግባ፣ በሩ ክፍት ይሁን፣ ሴት ልጆች ባሉበት ክበብ እህቶቻችን ይኑሩ። ወላጅ ልጁን የሚሰጠን ሲያምነን ነው።

አራተኛ፣ ለወላጆች ውጤቱን እናሳይ። ልጁ በመጀመሪያው ቀን የጻፈውንና በመጨረሻው ቀን የጻፈውን ወረቀት ጎን ለጎን ቤት ይውሰድ። «ማርክ የለውም» ለሚል አባት ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

አምስተኛ፣ ስንሄድ የሚተካን እናዘጋጅ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ የ5ኛ ክፍሉን ማስተማር ከቻለ ክበቡ እኛ ወደ ግቢ ስንመለስም ይቀጥላል።

ያቺ የ6ኛ ክፍል ልጅ በኮርሱ መጨረሻ ደብተሯን አምጥታ አሳየችን። በራሷ ጊዜ 31 ቃላት በሁለት ረድፍ ጽፋ ነበር፤ አንዱ በዐረብኛ፣ አንዱ በአማርኛ። ከታች ደግሞ «ሌላ አለ?» ብላ ጠይቃለች። አለ። ኢንሻአላህ በመጪው ክረምት ሄደን እንመልስላት።