ሰማይን ለማጥናት ቴሌስኮፕ የግድ ነው እንዴ?

ስለ ሥነ ፈለክ ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ትልቅ ቴሌስኮፕ ነው። እንጦጦ ተራራ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች መኖራቸውን የሰማ ሰው «ይሄማ የሳይንቲስቶች ነገር ነው» ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቴ ጀምሮ ሰማይ መመልከት እወዳለሁ፤ ቴሌስኮፕ ኖሮኝም አያውቅም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው በአንድ እንጨት፣ በማስመሪያና በትዕግሥት የመሬትን ዙሪያ እንዴት መለካት እንደሚቻል ነው። ይህ ከሙያችን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ደግሞ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ጥላ የሚጠፋበት ቀን

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ፀሐይ ደግሞ በዓመት ውስጥ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ድረስ ትመላለሳለች። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ በአናታችን ላይ ታልፋለች ማለት ነው፤ አንዴ ሚያዝያ 5 ገደማ፣ አንዴ ነሐሴ 24 ገደማ። በእነዚህ ቀናት እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም። በሌላው ጊዜ ግን የእኩለ ቀን ጥላችን ሰኔ ላይ ወደ ደቡብ፣ ታኅሣሥ ላይ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በየቀኑ እየረገጥነው የምንሄደውን ጥላ ስንቶቻችን አስተውለነዋል?

«እኩለ ቀን» ስል ልክ ስድስት ሰዓት ማለቴ አይደለም። የሀገራችን ሰዓት የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ያለችው ከ39 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። መሬት አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። በመሆኑም ሚያዝያ ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው።

ሙከራው

ሐሳቡ የኔ አይደለም። ከዛሬ 2,200 ዓመት ገደማ በፊት ኤራቶስቴንስ የተባለ የግሪክ ሊቅ ፀሐይ አስዋን ላይ አናት በምትሆንበት ቀን እስክንድርያ ላይ ጥላ እንዳለ አስተዋለ። መሬት ክብ መሆኗን መነሻ አድርጎ፣ የጥላውን ማዕዘንና በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት ይዞ የመሬትን ዙሪያ አሰላ።

እኛ ደግሞ መቀሌ አለችን። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ቀጥታ በሚባል መስመር ላይ፣ በአየር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። እዚያ የሚማር የሰፈሬ ልጅ ጋር ደውዬ ባለፈው ሚያዝያ 5 ሁለታችንም የ1 ሜትር እንጨት ለማቆም ተስማማን። ደንቡ ቀላል ነው፦ እንጨቱ በቱንቢ ተለክቶ ቀጥ ይላል፤ ከ6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 በየአምስት ደቂቃው የጥላው ጫፍ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ከሁሉም አጭሩ ጥላ ይወሰዳል።

ዶርም ግቢ ውስጥ መሬት ለመሬት ስንደፋደፍ ያዩኝ ጥበቃ መጥተው «አንቺ ልጅ፣ ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ። «ጥላ ነው የጠፋብኝ ጋሼ» አልኳቸው። መጀመሪያ ያሾፍኩባቸው መስሏቸው ነበር። ጥላው እያጠረ እያጠረ ሄዶ እንጨቱ ሥር ሲገባ ሲያዩ ግን ቱንቢውን ራሳቸው ያዙልኝ።

በዚያው ሰዓት መቀሌ ላይ አጭሩ ጥላ 8 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ቁመቱ 100፣ መሠረቱ 8 የሆነ ሦስት ማዕዘን ወረቀት ላይ ብትስሉና በፕሮትራክተር ብትለኩት ማዕዘኑ 4 ዲግሪ ተኩል ያህል ይሆናል። ሙሉ ክብ 360 ዲግሪ ነው፤ 360 ለ4.5 ሲካፈል 80 ይመጣል። ከአዲስ አበባ እስከ መቀሌ ያለው ርቀት የመሬት ዙሪያ አንድ ሰማንያኛ ነው ማለት ነው። 500 ኪሎ ሜትር በ80 ሲባዛ 40,000 ኪሎ ሜትር! መጽሐፍ ላይ ያለውም ቁጥር ይኸው ነው።

ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መቀሌ ላይ ጥላው 8 ሳይሆን 8 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ተብሎ ቢነበብ ውጤቱ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይዛባል። እንጨቱ ትንሽ ዘመም ካለም እንደዚያው። ስለዚህ ውጤቱ ስላማረ ብቻ አይታመንም፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው እጅ ተደግሞ መታየት አለበት።

ግርዶሽና የኛ ኃላፊነት

ወደ ሙያችን ልምጣ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላና አካባቢዋ ቀለበታማ የፀሐይ ግርዶሽ ታይቷል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ ግርዶሽ በሰሜን አፍሪካ አቋርጦ ያልፋል፤ ግብፅ ሉክሶር አካባቢ ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ደመና ካልከለለን እኛ የምናየው በከፊል ነው። በከፊል መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ያልተሸፈነው የፀሐይ ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይን ይጎዳል።

በግርዶሽ ጊዜ «በራጅ ፊልም እዩ»፣ «በጥቁር መነጽር እዩ» ሲባል እንሰማለን። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ብርሃኑን ስለሚቀንሱ ዓይናችን ምቾት ይሰማዋል እንጂ የማይታየውን ጨረር በሚገባ አያስቀሩም። የዓይናችን የውስጠኛው ግድግዳ ሕመም ስለማይሰማው ሰው መጎዳቱን የሚያውቀው እይታው ሲደበዝዝ ነው። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ከሌለ፣ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ በካርቶን ላይ በመርፌ በተበሳ ቀዳዳ ምስሉን ነጭ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ነው። ቀዳዳዎች ያሉት የፓስታ ማጥለያም ይሠራል፤ መሬት ላይ ብዙ ትንንሽ ግርዶሾች ይታያሉ። በቀዳዳው ውስጥ አሾልኮ ፀሐይን ማየት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው።

ያን ቀን ማይክራፎን ይዘን የምንቆመው ምናልባት እኛው ነን። በሁለት ደቂቃ ዜና ውስጥ የምንናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር የብዙ ሕፃናትን ዓይን ልታድን ወይም ልታጠፋ ትችላለች። በስልክ የሰማነውን ከማስተላለፋችን በፊት በገዛ እጃችን ካርቶን በስተን ብንሞክረው የምንናገረውን አውቀን እንናገራለን። ሁለት ቦታ ለክቶ ማመሳከር የሳይንስም የጋዜጠኝነትም ሥራ ነው።

በሚቀጥለው ሚያዝያ 5 ሀዋሳ፣ ባሕር ዳርም ሆነ ጎንደር ዘመድ ወይም ጓደኛ ያላችሁ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች እንጨታችሁን አዘጋጁ። መምህራኖቻችንም ብትቀላቀሉን ደስ ይለናል። ቸር ይግጠመን።