ቤተ መንግሥት የነበረው ትምህርት ቤት

ከመቱና ከጎሬ ወጥቶ ስድስት ኪሎ ለትምህርት የሚገባ ወጣት፣ ግቢው ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንደ ነበረ ልብ ይበል።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው፤ በዚህም ሰበብ የአዲስ አበባ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። ጣሊያኖች ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንዳንድ እርከን የሠሩለት ደረጃ ዛሬም ቆሟል፤ በጫፉ ግን የኛው አንበሳ ተቀምጦበታል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር መኳንንትና ሚኒስትሮች በዚሁ ቤት ተገደሉ፤ በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ።

በ1928 ዓ.ም. የመንግሥት መቀመጫ የነበረችው ጎሬም እንዲህ ያለ ታሪክ አላት። መቱም ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። እንግዲህ በደም የተዋጀውን ወንበር በስንፍና ብናረክሰው፣ ለነዚያ ሰዎች ምን መልስ እንሰጣለን?