በነፋስ ስልክ ተቀምጦ በአውሮፓ ኩባንያ ማቋቋም

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በከተማችን ወጣቶች መካከል አንድ ጥያቄ እየበረከተ ሔዷል። ጥያቄውም «ከአገሬ ሳልወጣ በአውሮፓ የሶፍትዌር ኩባንያ ለማቋቋም እችላለሁን?» የሚል ነው። ቀድሞ ነጋዴ በባሕር ማዶ መደብር ለመክፈት ቢያስብ ስንቁን ቋጥሮ፣ ዕቃውን ጭኖ፣ ወራት የሚፈጅ ጉዞ ማድረግ ነበረበት። የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን ጓዝ የሌለው ሸቀጥ ነው። በጀሞ ወይም በለቡ በአንዲት ክፍል ውስጥ የተጻፈ ሥራ በዚያው ደቂቃ በርሊን ካለው ደንበኛ እጅ ይገባል።

ጥያቄው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ መነሣቱ ደግሞ ከስሙ ጋር ይስማማል። «ነፋስ ስልክ» የሚለው ስያሜ ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፈውን መልእክት የሚያስታውስ ነው። አባቶቻችን ሽቦ የሌለውን ስልክ በአዩ ጊዜ «የነፋስ» ብለው ሰየሙት። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው በዚያው ሰፈር ተቀምጠው ያለ ሽቦ መልእክት መላክ ብቻ ሳይሆን ያለ ጉዞ ኩባንያ ለማቋቋም ይመኛሉ። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» እንዲሉ፣ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ከገንዘብም ከጸጸትም ያድናል።

ለምን ኤስቶኒያ ትጠቀሳለች?

በዚህ ነገር ስሟ አዘውትሮ የሚነሣው አገር ኤስቶኒያ ናት። ይህች በባልቲክ ባሕር ዳር የምትገኝ አገር የሕዝቧ ቁጥር 1.3 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ ከሶቭየት ኅብረት ተላቃ ነፃነቷን የመለሰችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ነው። ሰፊ ገበያ አልነበራትምና መንግሥቷ ተስፋውን በትምህርት ላይ ጣለ። በ1996 ትምህርት ቤቶችን በኮምፒውተር የሚያስታጥቅ ዘመቻ ተጀመረ። በ2002 ዜጎች በኮምፒውተር አማካይነት ለመፈረም የሚችሉበት የመታወቂያ ካርድ ታደለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ኩባንያ ለማስመዝገብ በየቢሮው ደጅ መጥናቱ ቀረለት።

ፍሬውም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ2003 በታሊን ከተማ የተቀመጡ የኤስቶኒያ ወጣቶች ስካይፕ የተባለውን የስልክ ፕሮግራም ጻፉ። የድርጅቱ መሥራቾች ስዊድናዊና ዴንማርካዊ ነበሩ። ድርጅቱ በ2005 በ2.6 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2011 ደግሞ በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። አገልግሎቱ በ2025 ቢዘጋም፣ በዚያ የሠለጠኑት ሰዎችና ያተረፉት ገንዘብ ሌሎች ድርጅቶችን ወልደዋል።

ከዚህ በኋላ መንግሥቱ አንድ አዲስ ሐሳብ አመጣ። ከ2014 ታኅሣሥ ወር ጀምሮ የየትኛውም አገር ዜጋ «የኤሌክትሮኒክ ነዋሪ» ለመሆን እንዲያመለክት ፈቀደ። አመልካቹ ማመልከቻውን በኢንተርኔት ያቀርባል፤ ክፍያውን ይከፍላል፤ የአገሪቱ ፖሊስና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ታሪኩን ይመረምራል። ሲፈቀድለትም ካርዱን ከኤስቶኒያ ኤምባሲ ወይም ለዚህ ከተመደበ ሌላ ስፍራ በአካል ቀርቦ፣ የጣት አሻራውን ሰጥቶ ይቀበላል። ስለሆነም «ከቤት ሳይወጡ» የሚባለው እስከዚህ ድረስ ነው፤ ካርዱን ለመውሰድ ወደ ሌላ አገር መጓዝ የሚያስፈልግ ከሆነ የአውሮፕላኑ ዋጋ አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባዋል።

በካርዱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማስመዝገብ ይቻላል። ቀድሞ 2,500 ዩሮ የነበረው ዝቅተኛ ካፒታል ከ2023 ወዲህ እስከ አንድ ሣንቲም ድረስ ወርዷል። ከጀርመን ጋር ብናመዛዝነው ልዩነቱ ይታያል። በጀርመን ዋናው የግል ማኅበር 25,000 ዩሮ ካፒታል ያስፈልገዋል፤ ከዚህም 12,500 ዩሮ ከምዝገባ በፊት መከፈል አለበት፤ ውሉም በውል አዋዋይ ፊት ይፈረማል። በ2008 የተፈቀደው አነስተኛው ዓይነት በአንድ ዩሮ ሊጀመር ቢችልም፣ ካፒታሉ 25,000 እስኪሞላ ድረስ ከየዓመቱ ትርፍ አንድ አራተኛውን ማስቀመጥ ግዴታ ነው።

ካርዱ የማይሰጠው

ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሮኒክ ነዋሪነት ዜግነት አይደለም፤ የመኖሪያ ፈቃድም አይደለም፤ ቪዛም አይደለም። ካርዱን ይዞ ታሊን አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰ ሰው ቪዛ ከሌለው እንደማንኛውም መንገደኛ ይመለሳል። ካርዱ የባንክ ሒሳብም አያረጋግጥም። ባንኩ የራሱን ምርመራ አድርጎ ደንበኛውን ሊቀበልም ሊከለክልም መብት አለው። ከዚህም ሌላ የሥራ መሪዎቹ በውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ፣ ኩባንያው በኤስቶኒያ ሕጋዊ አድራሻና ደብዳቤ የሚቀበልለት ተጠሪ ያስፈልገዋል፤ ለዚህም በየዓመቱ ይከፈላል። ኩባንያው አንዲት ሣንቲም ባያስገባ እንኳ የዓመቱን ሒሳብ ማቅረብ አይቀርለትም። የካፒታሉ ዋጋ አንድ ሣንቲም ነው ማለት ኩባንያው በአንድ ሣንቲም ይኖራል ማለት አይደለም።

ግብሩም እንዲሁ በጥንቃቄ የሚታይ ነው። በኤስቶኒያ ኩባንያ ትርፉን ለሥራ ማስፋፊያ ካቆየው የትርፍ ግብር አይከፍልም። ትርፉን ለባለቤቱ ሲያካፍል ግን ከ2025 ጀምሮ በየ78 ዩሮው 22 ዩሮ ለመንግሥት ይከፍላል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ከግብር አመለጥሁ» ሊል ይቃጣዋል። የአገራችን ሕግ ግን ሌላ ነገር ይላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው በዓለም ሁሉ በሚያገኘው ገቢ ላይ ግብር እንዲከፍል ያዛል። ይልቁንም በውጭ አገር የተመዘገበ ድርጅት እንኳ ዋናው አመራሩ በኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ እንደ ኢትዮጵያ ነዋሪ ይቆጠራል። እንግዲህ ባለቤቱም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ፕሮግራም ጸሐፊውም መካኒሳ የተቀመጠ አንድ ሰው ከሆነ፣ ኩባንያው በወረቀት የታሊን፣ በሥራ ግን የመካኒሳ ነው ማለት ነው። በተጨማሪም ገንዘብ ወደ ውጭ ለማውጣትና በውጭ አገር ሒሳብ ለመክፈት የብሔራዊ ባንክ ሥርዓት ስላለ፣ መመሪያውን ሳይጠይቁ መጀመር በገዛ እጅ ችግር መጥራት ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ወጣትም ስለ ተጨማሪ ሥራ የሚደነግገውን ሕግ አስቀድሞ ማንበብ ይገባዋል።

የአውሮፓ ደንበኛም የራሱ ሕግ አለው። ከ2018 ግንቦት ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ፣ ድርጅቱ በየትም ይመዝገብ፣ በኅብረቱ አገሮች ላሉ ሰዎች ዕቃ ወይም አገልግሎት እስካቀረበ ድረስ ይከተለዋል። ከባድ ጥፋት እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓመታዊ ገቢው እስከ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፣ ሊያስቀጣ ይችላል። ስለዚህ የደንበኞችን ስምና አድራሻ እንዴት እንደሚጠብቅ ያላሰበ ሰው ፕሮግራሙን ቢያሳምረው እንኳ ሥራውን አልጨረሰም።

ታዲያ ለማን ይጠቅማል?

ጥቅም የለውም ለማለት አይደለም። ደንበኞቹ በእርግጥ በአውሮፓ ያሉ፣ ክፍያውን በዩሮ የሚቀበል፣ ውል የሚፈርምላቸው ድርጅት ደግሞ በሚያውቁት ሕግ ሥር እንዲሆን የሚፈልጉበት ሰው በዚያ ቢመዘገብ ምክንያት አለው። እንደ ስትራይፕ ያሉት በኢንተርኔት ክፍያ የሚያስተላልፉ ድርጅቶች ለኢትዮጵያ ድርጅቶች በቀጥታ ሒሳብ አለመክፈታቸውም ብዙዎችን ወደዚህ መንገድ የሚገፋ እውነተኛ ችግር ነው። ደንበኛ ሳይኖር ኩባንያ ማቋቋም ግን ላም ሳይገዙ ማለቢያ እንደ መግዛት ነው።

እዚያው ታሊን የተወለደውን ቦልትን እንመልከት። ማርኩስ ቪሊግ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት በ2013 ከወላጆቹ 5,000 ዩሮ ተበድሮ የጀመረው ይህ የታክሲ ጥሪ ድርጅት መጀመሪያ የፈታው የገዛ ከተማውን ችግር ነው። በእኛም አገር ሳምራዊት ፍቅሩ በሃይብሪድ ዲዛይንስ አማካይነት ያቋቋሙት ራይድ የአዲስ አበባን መንገደኛ ችግር ተመልክቶ የተሠራ ነው፤ ዘመናዊ ስልክ የሌለውም ሰው በ8294 ደውሎ መኪና ለመጥራት ቻለ። በ2013 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አይኮግ ላብስም ሶፊያ ለተባለችው ሮቦት ከሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች በከፊሉ ላይ ሠርቷል። ሮቦቷን የሠራው የሆንግ ኮንግ ድርጅት ነው፤ ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ ወጣቶች ዕውቀት ድንበር ተሻግሮ ሊሸጥ የቻለው በአድራሻው ሳይሆን በጥራቱ ነው። ሦስቱም ከምዝገባው ወረቀት በፊት የሚሠሩትን ሥራ አውቀዋል።

የአገራችን ሕግም እንደ ቀድሞው አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰዎች እንዲኖሩ ይጠይቅ ነበር። ብዙ ሰው ለስም ብቻ ወንድሙን ወይም እኅቱን ባለ አክሲዮን ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅም የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ድርሰት ይጠብቃል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ በ2010፣ የዲጂታል መታወቂያ በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ጸንተዋል። ኤስቶኒያ ከሃያ ዓመት በፊት የጣለችውን መሠረት እኛም እየጣልን ነው ማለት ነው። የቀረው፣ ይህን ሕግ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ ፈጣን አገልግሎት አድርጎ ማሳየት ነው። ይህም በከፊል የዚህ ገጽ አንባቢ የሆኑት ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሥራ ነው። አንድ ባለጉዳይ ከላፍቶ ተነሥቶ ለአንድ ማኅተም ሦስት ቀን ከተመላለሰ፣ በአራተኛው ቀን ሐሳቡ ወደ ታሊን ቢሸሽ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ተማሪው ቁጠባውን አውጥቶ የባዕድ አገር አድራሻ ከመግዛቱ በፊት መጀመሪያ የሚከፍለው አንድ ደንበኛ ያግኝ። ቀጥሎ ደንበኛው የት አገር እንዳለ፣ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚመጣ፣ ግብሩን ለማን እንደሚከፍል በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ሒሳብ አዋቂና የሕግ ባለሙያም ያማክር። መልሱ አውሮፓን ካመለከተ በሕግ ተመዝግቦ፣ በግልጽ አስታውቆ ይሒድ። መልሱ አዲስ አበባን ካመለከተ ግን በባዕድ ስም ለመድመቅ አይቸኩል፤ የሰው ወርቅ አያደምቅምና።