ተሳቢው ጎታቹን ሲመርጥ

አየር ጤና ላይ የቀለበት መንገዱና የጅማ መንገድ ይገናኛሉ። አንዱ ወደ ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ወሊሶና ወልቂጤ ይዘልቃል፤ ሌላው በቃሊቲ በኩል ዞሮ የጅቡቲን መስመር ይይዛል። ስለዚህ ኮልፌ ቀራኒዮ ለከባድ መኪና እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ከጅማ በኩል ቡናና እህል ይገባል፤ ሲሚንቶ፣ ብረትና ማዳበሪያ ይወጣል። አጣና ተራ የሚራገፈው ባሕር ዛፍም በርዝመቱ የተነሳ ረጅም ጫኚ ይፈልጋል።

የዚህ ሰፈር ልጅ ሲኖውን ከኢቬኮ በድምፁ ይለያል። ከኋላ ስለሚቀጠለው ግን ብዙ አይወራም። ገዢም ሻጭም የሚጨቃጨቁት በፊተኛው ነው፤ ስንት ፈረስ ጉልበት አለው፣ ስንተኛ ሞዴል ነው፣ ናፍጣ ይበላል ወይስ አይበላም። እኔ የምለው ነገሩ ከኋላ መጀመር አለበት ነው። ምን እንደሚጎተት፣ ምን ያህል እንደሚመዝንና በየት እንደሚወርድ ሳይታወቅ ጎታች መግዛት ሰው አስቀድሞ አደጋ ላይ መጣል ነው።

የሚጎተተው ሁለት ዓይነት ነው። ሙሉ ተሳቢ የፊትም የኋላም እግር አለው፤ ክብደቱን ራሱ ይሸከማል፣ ጎታቹ የሚይዘው መጎተቻ ዘንጉን ብቻ ነው። ጎታቹም በራሱ ጀርባ ይጭናል፤ “ከነተሳቢው” የሚባለው ይህ ነው። ግማሽ ተሳቢ ደግሞ የፊት እግር የለውም። ከአፍንጫው ሥር ወደ ታች የወጣው ወፍራም ብረት ጎታቹ ጀርባ ላይ ባለው ክብ መቀመጫ ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል፤ የጭነቱ ከፊል ክብደትም በጎታቹ እግሮች ላይ ያርፋል። ከ12 ሜትር ትንሽ የሚያልፈውን ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ይዞ ከጅቡቲ የሚመጣው ይኸኛው ነው። ወደ ታች የወጣው ብረት በዓለም ዙሪያ በሁለት መጠን ይሠራል፤ የተለመደው ውፍረቱ 50 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ለልዩ ከባድ ጭነት የሚሆነው 90 ያህል ነው። ቀጭኑን በሰፊው መቆለፊያ አስገብቶ “ይሠራል” ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ። 400 ኩንታል የሚጭን መኪና ከነተሳቢው 40 ቶን ጭነት ይይዛል። መኪናውና ተሳቢው ራሳቸው 16 ቶን ቢመዝኑ ጠቅላላው 56 ቶን ይሆናል። መንገዳችን ላይ በብዛት የሚታየው ባለ 371 ፈረስ ጉልበት ሲኖ ይህን ይዞ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ቢገጥመው፣ ከሞተር እስከ ጎማ የሚባክነው ተቀንሶ ሲሰላ በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ዳገቱ ወደ 10 ሜትር ቢጠና ፍጥነቱ ከ15 ኪሎ ሜትር በታች ይወርዳል። ያዘግማል እንጂ አይቆምም፤ ካምቢዮው በቂ ዝቅተኛ ማርሽ ካለውና ዲፈረንሻሉ ለጭነት የተሠራ ከሆነ ይወጣዋል። የድሮ ሾፌሮች ኤንትሬ የሚሉት ፊያት 682 ኤን 3 እኮ ከ200 ፈረስ ጉልበት በታች በሆነ ሞተር ተሳቢ እየጎተተ የአገሩን ተራራ ሁሉ ወጥቷል። ዳገት የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችን ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለል በ20 በመቶ ያህል ስለሚያንስ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቱርቦ ያለው አየሩን ጠቅጥቆ ስለሚያስገባ የሚያጣው ጥቂት ነው። የፋብሪካው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ጅቡቲ ወደብ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቱርቦ ለሌለው አሮጌ ሞተር ግን ዓለም ባንክ ሰፈር ላይ ያ ቁጥር የለም።

ለነፍስ የሚያሰጋው ግን ቁልቁለቱ ነው።

የጅማ መንገድ ወልቂጤን ካለፈ በኋላ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል። ከ1,900 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወንዙ እስካለበት እስከ 1,100 ሜትር ገደማ ድረስ ወደ 800 ሜትር ቁልቁል ነው። በዓባይ በኩል ከጎሃ ጽዮን የሚወርደው ደግሞ ከዚህም ይጠልቃል። 56 ቶን 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል አንድ ቦታ መግባት አለበት። የጎማው ሽክርክሪትና ነፋሱ የሚወስዱት ድርሻ ተቀንሶ እንኳ የቀረው ወደ 1,000 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ሾፌሩ እግሩን ፍሬኑ ላይ ጭኖ ከወረደ ያ ሁሉ ሙቀት የሚገባው የፍሬኑ ታምቡሮች ውስጥ ነው። የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ መያዝ ይተዋል። ታምቡሩም በሙቀት ስለሚሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውን የሚገፋው ዘንግ መጨረሻው ላይ ይደርሳል። የአየር ግፊቱ ሰዓት ሙሉ ያሳያል፣ ፔዳሉም እንደ ወትሮው ነው። መኪናው ግን አይቆምም። “ፍሬን እንቢ አለኝ” የሚለው ሾፌር ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ፍሬኑ ተበጥሶ ሳይሆን ተቃጥሎ ነው።

ስለዚህ ጎታች ሲመረጥ ከፈረስ ጉልበቱ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ያለ እግር ፍሬን ምን ያህል ክብደት ይዞ መውረድ እንደሚችል ነው። ተራው የሞተር ፍሬን የጭሱን መውጫ ዘግቶ ሞተሩን ያፍነዋል፤ ለብቸኛ መኪና ጥሩ ረዳት ነው፣ ለ56 ቶን ግን ያንሳል። ቫልቮቹን ራሳቸውን በመቆጣጠር የሚሠራው ከዚህ በጣም ይበረታል። ከሁሉም የተሻለው ካምቢዮው ላይ የሚገጠመው ሪታርደር ነው፤ ሙቀቱን በራዲያተሩ በኩል ስለሚያስወጣ ታምቡሮቹ ቀዝቅዘው ይቆያሉ። ይህ ዕቃ ዋጋ አለው፤ ባለንብረቱም “ሳይኖረው ስንት ዓመት ሠርቷል” ሊል ይችላል። ግን ባለንብረቱ መርካቶ ቤቱ ተኝቶ በሌሊት ግቤን የሚወርደው ሾፌሩና ረዳቱ ናቸው። ከፊታቸው ደግሞ ተሳፋሪ የጫነ ሚኒባስ ሊኖር ይችላል።

የሞተር ፍሬን የሚበረታው ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ስለሆነ ዝቅተኛ ማርሽ የሚገባው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው። መሃል ላይ ሆኖ ማርሽ ለመቀነስ መሞከር ከነጭራሹ ያለ ማርሽ ሊያስቀር ይችላል። ናፍጣ ለመቆጠብ በፍሪ መውረድ ደግሞ ልማድ ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን አጥብቆ መከልከል ያለበት ነገር ነው።

የጎታቹና የተሳቢው ፍሬን መስማማትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በመካከላቸው ሁለት የአየር ቱቦ አለ። ቀዩ የተሳቢውን በርሜል ይሞላል፤ ቢጫው የሾፌሩን እግር ትእዛዝ ያደርሳል። ቀዩ ቢበጠስ ተሳቢው በራሱ ፍሬን ይይዛል፤ በጣም ብልህ አሠራር ነው፣ በትክክል እስከተጠገነ ድረስ። የተሳቢው ፍሬን ከጎታቹ በቅጽበት ቀድሞ መያዝ አለበት። ከዘገየ 20 ወይም 30 ቶን ከኋላ መጥቶ ጎታቹን ይገፋል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ሁለቱ እንደ ሴንጢ ይታጠፋሉ። አዲስ ጎታች ከአሮጌ ተሳቢ ጋር የሚጣመርበት የተለመደ ግዢ አስፈሪ የሚሆነውም በዚህ ነው፤ የፊተኛው ፍሬን የሰላ፣ የኋለኛው የደነዘዘ ይሆናል። ተሳቢው መቀሌ በመስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ የተሠራ ይሁን ከውጭ የገባ፣ ሸራውና ቱቦው እንደ ጎታቹ በየጊዜው መታየት አለበት።

ክብደቱ የት እንደሚያርፍም መኪናውን ይለውጠዋል። ከነተሳቢው በሚሠራ መኪና ጀርባውን ባዶ ትቶ ተሳቢውን ብቻ መጫን ክፉ ስህተት ነው። የሚጎትቱት ጎማዎች መሬቱን የሚቆነጥጡት በላያቸው ባለው ክብደት ነውና ጭቃ ላይ ይሽከረከራሉ፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ቀላሉ መኪና በከባዱ ተሳቢ ይገፋል። መጀመሪያ ጎታቹ ይጫን፣ ከዚያ ተሳቢው። በግማሽ ተሳቢ ላይ ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ የጎታቹ ኋላ ይቀላል፤ ወደ ፊት ከበዛ የጎታቹ እግር ከተፈቀደው ያልፍና ሚዛን ጣቢያ ያስይዛል። ጠቅላላው ክብደት ልክ ሆኖም በአንድ እግር ብቻ መቀጣት አለ። አስፋልት ብቻ ለሚሄድ ጎታች አንድ ጥንድ ጎታች ጎማ ሊበቃው ይችላል፤ በክረምት ጠጠር መንገድ ገብቶ ቡና ለሚያወጣ ግን ከኋላ በሁለት እግር የሚጎትት ይሻለዋል፣ ናፍጣው ቢጨምርም።

ርዝመት ሌላ ነገር ያመጣል። ረጅም ግማሽ ተሳቢ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ከመቆለፊያው እስከ ኋላ እግሮቹ 8 ሜትር የሆነ ተሳቢ በ12.5 ሜትር ራዲየስ ክብ ቢታጠፍ ወደ 3 ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ የእግረኛ መንገድ ስፋት ነው። አየር ጤና ወይም 18 ማዞሪያ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው የመኪናው ፊት አልፎታል ብሎ አንድ እርምጃ ሲወርድ የሚያገኘው የኋላ ጎማውን ነው። ሙሉ ተሳቢ በመታጠፍ ይሻላል፤ ሁለት ቦታ ስለሚታጠፍ ዱካውን ይቀርባል። በተመሳሳይ ምክንያት ግን ወደ ኋላ መንዳቱ ከባድ ጥበብ ነው፤ በጠባብ ግቢ ተሳቢውን ፈትቶ ማስገባት የማያሳፍር ዘዴ ነው። ለከነተሳቢው የደረቅ 3 መንጃ ፈቃድ የሚጠየቀውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሕጉ በትንሹም ያው ነው። ጄኔሬተር ወይም የውሃ ታንከር በፒክአፕ የሚጎትት ሰው ልብ ይበል። የቅርብ ጊዜ ሃይሉክስ በብዙ አገር ፍሬን ላለው ተሳቢ እስከ 3,500 ኪሎ ይፈቀድለታል፤ ፍሬን ለሌለው 750 ኪሎ ብቻ። ልዩነቱ ሁሉ የፍሬን ነው። በአሜሪካ ቤት የሚያህል ተሳቢ ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መንጠቆው ላይ እንዲያርፍ ይጭናሉ፤ ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ጄኔሬተሩን ከኋላ ጠርዝ ላይ ያሰረም ይህንኑ ያገኘዋል።

ጥምሩ ተመርጦ ከተያያዘ በኋላ የሚቀረው የሾፌሩ ዓይንና እጅ ነው። መቆለፊያው መዘጋቱን በባትሪ ገብቶ ማየት፤ የተሳቢውን ፍሬን ይዞ ጎታቹን በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መሳብ፤ ቀዩን ቱቦ ነቅሎ ተሳቢው መቆለፉን ማረጋገጥ፤ ታኮው ረዳቱ እጅ የሚደርስበት መሆኑን ማየት። ግቤ ድልድይ ከተደረሰ በኋላ ደግሞ ቆሞ መዞር፤ እጅን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ታምቡር ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን መለካት። ከሌሎቹ በጣም የጋለው ፍሬኑ ሳይለቅ የቀረ ነው። ከሌሎቹ ለይቶ የቀዘቀዘው የበለጠ ያስፈራል፤ ያ እግር ቁልቁለቱን በሙሉ ሳይይዝ ወርዷል ማለት ነው፤ ዳገቱ ሳይጀመር እዚያው መታየት አለበት።